አሥራ ሁለት ንጹሕ ውጤቶች

ሰውየው የተገኘው ሰኞ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ በሰው ሠራሽ ቆዳ ፋብሪካው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ነው። በሁለት ረድፍ ቁም ሣጥኖች መካከል በጎኑ ወድቋል። አንድ እጁ የሥራ ካፖርቱ እጅጌ ውስጥ ገብቷል፤ ሌላው ገና አልገባም። ከግራ ጆሮው በላይ አንዲት ቁስል አለች። ከእሷ የወጣው ደም ግን ከአግዳሚው ሥር አልፎ፣ የሲሚንቶውን ወለል ይዞ እስከ ውሃ መውረጃው ደርሷል።

ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማ አየች። ማንንም ከመጠየቋ በፊት ዝም ብላ የማየት ልማድ አላት። አብሯት የሚሠራው ሳጅን ይህን ስለሚያውቅ አፉን ይዞ ጠበቃት።

ሟቹ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚሁ ፋብሪካ ሲሠራ ኖሯል፤ የቆዳውን ሊጥ ከማሟሚያው ኬሚካል ጋር የሚቀይጠው እሱ ስለሆነ ሁሉም “ቀማሚው” ይሉታል። ሊጡ መወፈር መቅጠኑን በዓይኑ ብቻ ለይቶ የሚናገር ሌላ ሰው አልነበረም።

“ይህን ሁሉ ደም ያፈሰሰው ብረት ነው” አለ ሳጅኑ በመጨረሻ።

“ብረቱን አየኸው?”

“አላየሁም።”

“አግዳሚው ጠርዝ ላይ ፀጉር አለ። ሌላ እስክናገኝ አግዳሚው ነው እንበል።”

ከካፖርቱ ኪስ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ወጣ። ውስጡ ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ ሞልቷል። ላዩ ላይ የቀማሚው የሥራ ቁጥር በእስክሪብቶ ተጽፏል።

“ሻይ ይመስላል” አለ ሳጅኑ።

“ሻይ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። አሽገውና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው።”

ሬሳውን ያገኘው የሥራ ጓደኛው ነው። ከቅጥነቱ የተነሣ “ሽቦ” ይሉታል። እስከ ክርኑ ድረስ ደም ነክቶታል። የመግቢያው ማሽን እንደመዘገበው ቀማሚው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገብቷል፤ ሽቦ ከስድስት ደቂቃ በኋላ። ሰው የጠራው ግን ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው።

“ዘጠኝ ደቂቃ ምን ስታደርግ ቆየህ?” አለችው ኢንስፔክተሯ።

“ይዤው ነበር።”

“ሳትጣራ?”

“ተጣርቻለሁ። ማሽኑ ተነሥቶ ነበር፤ ማን ይሰማኛል? ትቼው እንዳልሄድ ደሙ እየፈሰሰ ነው። ፎጣ ጫንኩበት። ትንሽ ቀዳዳ ናት፣ ግን አልቆም አለኝ።”

“ዓርብ ዕለት እዚሁ ክፍል ውስጥ ተጣልታችኋል።”

ሽቦ ቀና ብሎ አያት። “ማን አለ?”

“ጽዳት ሠራተኛዋ ሰምታችኋለች። እሱ ‘ሰኞ የራሴን ነው የምሰጠው’ አለ። አንተ ‘ሁላችንንም ልታስባርረን ነው’ አልከው። የራሱን ምን?”

“የወንድማማች ጨዋታ ነው።”

“ወንድምህ ነው?”

“አሥራ ሰባት ዓመት ጎን ለጎን ቆመናል። ከዚህ የበለጠ ወንድም ካለ አላውቅም።”

ከዚያ በኋላ አፉን ዘጋ። ቢለምኑትም ቢያስፈራሩትም ወይ ፍንክች። እስከ ማግሥቱ በጣቢያ አቆዩት።

ማግሥቱን አስከሬን መርማሪው ሐኪም ኢንስፔክተሯን ወደ ቢሮው ጠራት። ወሬ ማስረዘም የማይወድ ሰው ነው።

“ይህን ሰው ማንም አልመታውም” አላት። “ራሱን ስቶ ወደቀ፣ አግዳሚው ገጨው። ቁስሉ በሌላ ሰው ላይ ቢሆን በፕላስተር ያልፍ ነበር።”

“ደሙስ?”

“ጉበቱ አልቋል። ደም የሚያረጋውን ነገር የሚሠራው ጉበት ነው። እሱ ሥራ ሲያቆም ጭረትም ትገድላለች። የዓይኑን ነጭ አይተሽዋል? እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል።”

“መጠጥ ነው?”

“የጠጪ ጉበት አውቃለሁ፤ ይህ አይደለም። ይህ ሰው ተመርዟል። በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንታት፣ ምናልባትም በወራት። ያ ፋብሪካቸው የሚጠቀምበት ማሟሚያ በደሙም በጉበቱም ውስጥ አለ።”

“ሰው አብልቶት ይሆናል?”

“እንዴት እንደገባ ሬሳው አይነግረኝም። እሱ ያንቺ ሥራ ነው።”

ሽቦን ለቀቁት። ሲወጣ ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

የፋብሪካው የሥራ ደኅንነት ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትርፍ ወረቀት የሌለበት፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ነው። የሆነውን ሲሰማ አዘነ፤ ቀጥሎ ከመደርደሪያው ሰማያዊ ማኅደር አወረደ።

“አየሩን በየሦስት ወሩ እናስለካለን” አላት። “ሠራተኛው ኮሌታው ላይ ትንሽ የአየር መሳቢያ አንጠልጥሎ ይውላል። የሳበችው ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ይኸው፣ አራቱም ዙር ከገደቡ በታች ነው። በዚያም ላይ ሽንታቸውን እናስመረምራለን። ዓርብ ዕቃ እናድላለን፣ ሰኞ ጠዋት እንሰበስባለን። ነገሩ ሰውነታቸው ገብቶ ከሆነ እዚያ ይታያል። ይኸው የአሥራ ሁለቱም ቀማሚ ክፍል ሠራተኞች ውጤት፤ ንጹሕ ነው።”

“የሟቹም?”

“የሟቹም። አየሩ ንጹሕ፣ ሽንቱ ንጹሕ። ሰውየው ያንን ነገር ካገኘው እዚህ አይደለም ያገኘው። ከቤቱ ፈልጉ። በጠርሙስ ይዘው እንደሚወጡ እናውቃለን፤ ቀለም ለማስለቀቅ ይፈልጉታል።”

ኢንስፔክተሯ ማኅደሩን ገለጠች። “ከገደቡ ያለፈ ሰው ምን ይደረጋል?”

“ከማሟሚያው አካባቢ ይነሣል። ቦታ ካለ ወደ ማሸጊያ እናዛውረዋለን።”

“ከሌለስ?”

“ይሰናበታል። ለራሱ ጤና ሲባል።”

“ስንት ሰው ተሰናብቷል?”

“ሁለት። ባለፈው ዓመት፣ በመጀመሪያው ዙር። ከዚያ ወዲህ ማንም አላለፈም።” ይህን ሲናገር ኮራ ያለ ይመስላል።

የቀማሚው ሚስት ቤቷ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ኢንስፔክተሯና ሳጅኑ ሲደርሱ የስፌት መኪናው ላይ ግማሽ የተሰፋ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እንዳለ ነበር። ሳጅኑ ወጥ ቤቱን ሲፈትሽ ከእጅ መታጠቢያው ሥር፣ ከሳሙናው ጀርባ፣ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ ጠርሙስ አገኘ። ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ። የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል።

ሳጅኑ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ለአለቃው አሳያት። ዓይኑ “ይኸው” ይላል።

“ይህ ምንድን ነው እመቤት?” አለቻት ኢንስፔክተሯ።

“የእሱ ነው። እጁን ይታጠብበታል። ያ ሊጥ በሳሙና አይለቅም። ሥራ ቦታም ሁሉም በእሱ ነው የሚታጠቡት፤ ‘ውሃ’ ነው የሚሉት፣ ውሃ ስለሚመስል።”

“ጓንት የላቸውም?”

“ይሰጧቸዋል። ባለፈው ዓመት ስሱን አመጡላቸው። ጠዋት ያጠለቀው እስከ ምሳ ጣት ጣቱ ይቀልጣል። ከቀለጠ በኋላ ባዶ እጅ ነው።”

“ምግቡን ማን ነበር የሚሠራለት?”

“እኔ። ከአንድ ድስት ነው የምንበላው፣ እሱም እኔም ልጄም።”

“ጤናው ላይ የተለየ ነገር አላዩም?”

ሴትዮዋ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። “እንዴት አላይ። ከስቷል። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ሐኪም ቤት ሂድ አልኩት፤ አቧራ ነው አለኝ። በእህቱ ልጅ ሠርግ አንዲት ጉንጭ ቢራ ቀምሶ ፊቱ እንደ ቃሪያ ቀላ፣ ልቡ መታ። ከዚያ ወዲህ መጠጥ አልነካም። ሰዉ ጨዋ ሆነ ብሎ ቀለደበት። ላቡ ሳይቀር ያንን ጠርሙስ ይሸት ነበር።”

ወደ ጠርሙሱ አየችና “እኔን ጠርጥራችሁ ነው?” አለች።

“አዎ።”

“ጥሩ። ጠርጥሩ። ብቻ ሌላውንም ጠርጥሩ።”

የእናትና የልጅ ደም ተወሰደ፤ ድስቱ፣ ቅመሙ፣ ምሳ ዕቃው ሁሉ ተመረመረ። ከሁለት ቀን በኋላ ውጤቱ መጣ። ምንም የለም። ሳጅኑ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

“ከሥራው አላገኘውም፤ ከቤቱም አልበላውም። ከሰማይ ወረደበት እንበል?”

“በእጁ ገባበት” አለች ኢንስፔክተሯ። “ሚስቱ ነግራናለች፣ እኛ አልሰማናትም። የቀረኝ የሽንቱ ነገር ነው። በእጁም ይግባ በአፍንጫው፣ ሽንቱ ላይ መታየት ነበረበት።”

ያንን በኪሱ የተገኘ ዕቃ ከማቀዝቀዣ አስወጣችና፣ ፋብሪካው ናሙናውን ወደሚልክበት ላቦራቶሪ ራሷ ይዛው ሄደች።

የላቦራቶሪዋ ኃላፊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትሠራ፣ ጠያቂ አግኝታ የማታውቅ የምትመስል ሴት ናት። ስለ አየር ልኬቱ ሲነሣ ሳቅ አለች።

“ልኬቱ ውሸት አይደለም። ግን የሚለካው አፍንጫ የሚስበውን ነው፤ እጅ የሚጠጣውን አያይም። ገደቡ የወጣው በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ነው፤ እነሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሠራሉ። ማሟሚያውንም ባለፈው ዓመት በአዲስ ድብልቅ ቀይረውታል። ከድብልቁ ውስጥ ገደብ የወጣለት አንዱ ብቻ ነው፤ እሱን እንለካለን። የሌሎቹን ስንት ይበዛል ስንት ያንሳል የሚል መጽሐፍ ገና የለም። ነገሩ ሁልጊዜ ከእኛ ቀድሞ ነው ፋብሪካ የሚገባው።”

“ስለዚህ ሽንት ነው የሚያድነው።”

“ሽንት ነበር የሚያድነው።” ከመሳቢያዋ ሉህ አወጣች። “ሽንት ስንመረምር የመርዙን ብቻ አይደለም የምናየው፤ መቅጠን መወፈሩንም በቁጥር እንጽፋለን። ውሃ የጠጣና ያልጠጣ ሰው ይለያያል። አሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ይህን ዓምድ አንብቢው።”

ኢንስፔክተሯ ጣቷን በዓምዱ ላይ ወደ ታች ነዳች። አሥራ ሁለቱም ቁጥር አንድ ዓይነት ነበር፤ ልዩነታቸው ከነጥብ በኋላ ነው።

“አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ፊኛ” አለች ባለሙያዋ። “ሦስት ዙር በተከታታይ።”

“ለማንም አልተናገራችሁም?”

“ደብዳቤ ጻፍን። ‘ናሙናዎቹ የአንድ ግለሰብ ስለሚመስሉ፣ ሠራተኞቹ ከሥራ ሲወጡ በነርስ ፊት እንደገና ይሰብሰቡ’ ብለን። አራት ወር ሆኖታል። መልስ አልመጣም። ግልባጩና የተረከበው ሰው ፊርማ እዚህ አለ።”

ፊርማው የሥራ ደኅንነት ኃላፊው ነበር።

ያመጣችውን ዕቃ ባለሙያዋ ያኔውኑ መረመረችው። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሲያበቃ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ቁጥሩን ደግማ አነበበች።

“ይህ የማን ነው?”

“የሟቹ።”

“ከገደቡ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ይህን በጊዜው ያየ ሐኪም ቢኖር በዚያው ቀን ያስተኛው ነበር።”

የፊኛውን ባለቤት ማግኘት አላስቸገረም። መርዙ የሌለበትን ሰው መፈለግ ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ንጹሕ አየር ላይ የሚቀመጥ አንድ ሰው ብቻ አለ። ዘበኛው ስልሳውን አልፏል። ከወንበሩ አጠገብ የሁለት ሊትር የውሃ ላስቲክ አለ።

“አባቴ፣ ለቀማሚ ክፍል ልጆች ሽንት ይሰጡ ነበር?” አለችው ኢንስፔክተሯ፤ አክብራ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዘበኛው አፈረ፣ ቀጥሎ ሳቅ አመለጠው። “ልጄ፣ እኔ መጀመሪያ ሲጠይቁኝ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። ‘እዚህ ግቢ ጤነኛ ሽንት ያለው እርስዎ ብቻ ነዎት’ አሉኝ። ካላችሁማ ውሰዱ አልኩ። አሥራ ሁለት ዕቃ መሙላት ቀላል እንዳይመስልሽ፤ እሑድ ጀምሬ ነው ውሃ የምጠጣው።” ፊቷን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። “ወንጀል ነው እንዴ?”

“የጠየቁዎት እነማን ናቸው?”

“ልጆቹ ናቸው። አለቆች የሉበትም።” ትንሽ አሰበና ጨመረ። “አለቆች የሉበትም እንጂ፣ ባለፈው ዙር የዓመት ፈቃዴ ሰኞ ይጀምር ነበር። ያ የደኅንነቱ ኃላፊ ራሱ መጥቶ ‘ፈቃድዎን በሳምንት ያሸጋሽጉት፣ ሰኞ ይፈለጋሉ’ አለኝ። እኔ በጥበቃ ሥር ነኝ፤ እሱ አለቃዬም አይደል። ለምን እንደፈለገኝም ሳይነግረኝ ቀረ።”

“ይህ መቼ ነበር?”

“ሦስት ወር ገደማ ይሆነዋል።”

ኢንስፔክተሯ ቆጠረች። ደብዳቤው ከደረሰ አንድ ወር በኋላ ማለት ነው።

ሽቦን ቤቱ አገኘችው። የዘበኛውን ነገር ስትነግረው አልካደም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

“የመጀመሪያው ዙር ላይ የራሳችንን ሰጠን” አለ። “ሁለቱ ልጆች ከፍ ብሎባቸው ወጣ። ማሸጊያ ቦታ የለም ተባሉና በሳምንቱ ተሰናበቱ። አንዱ አሁን መንገድ ላይ ካልሲ ይሸጣል። ለሕክምና አላኳቸውም፣ ጓንት አልቀየሩልንም፤ ሰዎቹን ብቻ አስወገዷቸው። እኛም ገባን። ምርመራው ለእኛ አይደለም ማለት ነው። ተሰብስበን ተማከርን።”

“ሐሳቡ የማን ነበር?”

“የኔ።”

“ቀማሚውስ?”

“እሱ አልወደደውም ነበር፤ ግን ለእኛ ሲል እሺ አለ። በኋላ እያመመው መጣ። ዓርብ ዕለት ‘አልቻልኩም፣ ሰኞ የራሴን ነው የምሰጠው፣ ምን እንደያዘኝ ልወቅ’ አለኝ። ያንተ ከወጣ የሁላችንም ጉድ ይወጣል አልኩት። ክፉ ተናገርኩት።” እጆቹን አገላብጦ አያቸው፤ ቆዳቸው በየቦታው ተልጧል። “ሰኞ ቀደም ብዬ የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቀው ነበር።”

የሥራ ደኅንነት ኃላፊው ደብዳቤውን ሲያይ መልኩ አልተለወጠም።

“በቀን ሃምሳ ወረቀት እፈርማለሁ” አለ። “ሁሉንም አነባለሁ ማለት አይደለም።”

“ይህኛውን አንብበውታል።”

“ማስረጃ አለዎት?”

“የዘበኛውን የዓመት ፈቃድ ለምን አሸጋሸጉት?”

ኃላፊው ብዕሩን አነሣና መልሶ አስቀመጠ። ሳጅኑ መጻፉን አቁሞ ጠበቀ።

“ደብዳቤው ‘የአንድ ግለሰብ’ ይላል” ቀጠለች ኢንስፔክተሯ። “ማን እንደሆነ ፈልገው አገኙት። ግን አላስቆሙትም። በሚቀጥለው ዙር ሰውየው ፈቃድ ሊወጣ መሆኑን ሲሰሙ ግን ደነገጡ። እሱ ከሌለ አሥራ ሁለቱ የራሳቸውን ሊሰጡ ነው። ያኔ የሚወጣውን ያውቁ ነበር።”

“እኔ ማንንም የሰው ሽንት ስጥ አላልኩም። ራሳቸው ናቸው ያመጡት።”

“አዎ።”

“ራሳቸውን ነው ያታለሉት።”

“እነሱ ሥራቸውን ለማዳን ብለው ነው፤ ነገሩ ምን እንደሚያደርጋቸው የነገራቸው የለም። የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ። እርስዎ ምንዎን ለማዳን ነው?”

ሰማያዊውን ማኅደር ተመለከተ። “ውጤቱ ጥሩ ሲሆን የሚጠይቅ የለም” አለ ቀስ ብሎ። “ዋናው መሥሪያ ቤት ይህን ፋብሪካ ምሳሌ አድርጎ ለሌሎቹ ይጠቅስ ነበር።”

“የሚጠይቀው ሰው እርስዎ ነበሩ። የተቀጠሩት ለዚያ ነው።”

በቸልተኝነት ሰው በመግደልና የሐሰት ሰነድ በመጠቀም ተጠርጥሮ የዚያኑ ዕለት ተያዘ። ወደ መኪናው ሲሄድ የቀማሚ ክፍል ሠራተኞች በመስኮት አዩት።

ቀማሚ ክፍል ታሸገ። አሥራ አንዱ ሠራተኞች ጤና ጣቢያ ተጠርተው በነርስ ፊት ናሙና ሰጡ። አምስቱ ከገደቡ በላይ ሆኑ፤ ሦስቱ ሆስፒታል ተኙ። የሽቦ ቁጥር ከቀማሚው ቀጥሎ ትልቁ ነበር።

ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ከመዝጋቷ በፊት ቃሉን ልታስፈርመው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደች። ስድስት አልጋ ያለው ክፍል ነው። ሽቦ መስኮቱ ሥር ተኝቷል፤ የዓይኑ ነጭ ወደ ቢጫ ሄዷል። ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለታል። ወረቀቱን ሳያነብ ፈረመ።

“ሚስቱ ታውቃለች?” አላት ብዕሩን ሳይመልስ።

“ምኑን?”

“ሐሳቡ የኔ እንደነበር።”

“ትናንት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።”

ሽቦ ብዕሩን በጣቶቹ መካከል አገላበጠ። ጎረቤቱ አልጋ ላይ ያለው ሰው ሬዲዮውን ቀነሰ።

“ምን አለች?”

“ልብስ ስትሰፋ ነበር፤ የያዘችውን ጨረሰች። ከዚያ ‘ጉበቱ ይድናል ወይ?’ ብላ ጠየቀችኝ።”

“የማን ጉበት?”

“ያንተ።”

ብዕሩን መለሰላትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሐኪሙ በጊዜ ተደርሶለታል እንዳለ ልትነግረው ፈልጋ ነበር፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችና ወንበሩን ስባ ቁጭ አለች። የመጠየቂያው ሰዓት ሊያበቃ ገና አርባ ደቂቃ ነበረው።